የፔጆዋ ውል

አሰብ፣
መጋቢት 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለውድ ሣህሉ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። የልማድ ቃል እንዳይመስልህ፤ ይህን ከመጻፌ በፊት ተነስቼ ሁለቱንም ልጆች አይቻቸዋለሁ። ሂሩት የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ወሰኔ ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቆርኪ ይደረድራል፤ ትንፋሹ ጥሩ ነው። ባሕሩ ገና ነፋስ ይልካል። የሚፈራው ሙቀት ሁለት ወር ይቀረዋል።

መኪና ገዛሁ።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። አሁን ከመኪናዋ የጀመርኩት እሷ ስላለች ነው፤ በር ላይ ቆማለች፣ ወጥቼ ልነካት እችላለሁ። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ይህን ወረቀት ሊያነበው እንደሚችል አውቃለሁ። ያንብብ። የሚያገኘው ስለ አንዲት አሮጌ ፔጆ ነው። የቀረውን ቢያነብም እሱ ሊጠይቀኝ የሚችለውን እኔ ቀድሜ ራሴን ጠይቄዋለሁ።

ፔጆ 404 ነች፣ ባለ አራት በር። ሻጩ ቀለሟን የዝሆን ጥርስ ይለዋል፤ እኔ ነጭ የነበረ እለዋለሁ። ወንበሮቿ ደህና ናቸው። የኋላ በግራ በኩል ያለው መስኮት እስከ ግማሽ ብቻ ይወርዳል። ዋጋዋን አልጽፍልህም፤ ያዋጣሁት እኔ ነኝ፣ የሚከፈል ነገር አልቀረም።

ለምን እንደገዛሁ። ባለፈው ሐምሌ የሆነውን ጽፌልህ ነበር። ደርሶህ እንደሆነ አላውቅም፤ መስከረም ላይ የላክሃት ካርድ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልነበራትም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወሰኔን ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ መልኩን ለወጠ። ተሸክሜው ወጥቼ አስፋልቱ ዳር ቆምኩ። በዚያ ሰዓት አሰብ ላይ ታክሲ ቀርቶ ፍየልም ከጥላ አይወጣም። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። በኋላ ያነሳን ወደ ወደብ የሚመለስ የውሃ ቦቴ ነበር። ሐኪሙ ልጁን ካረጋጋው በኋላ አንድ ነገር ብቻ ነገረኝ፤ ይህ ልጅ ሌላ ክረምት እዚህ አያሳልፍ፣ ከሐምሌ በፊት ደጋ አውጪው። አውቶቡስስ አልኩት። ሰው በሰው ላይ ተጭኖ፣ በረሃውን በጠራራ የሚያቋርጥ አውቶቡስ? ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በመኪና፣ ጎህ ሲቀድ ተነስታችሁ፣ በየመንገዱ እያረፋችሁ ነው ያለኝ። የማን መኪና እንደሆነ አልጠየቀኝም። ሐኪም እንዲህ ያለውን አይጠይቅም።

መንዳት የተማርኩት ከትምህርት ቤታችን ሹፌር ነው፤ ጨው ሜዳው ላይ፣ የሚገጭ ነገር በሌለበት። መንጃ ፈቃዴን ኅዳር ላይ አወጣሁ። ይህንንም አልነገርኩህም። ልደብቅህ ብዬ አልነበረም። ልጽፍልህ ስል ትስቅብኛለህ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ ሳቅህ እንዴት እንደነበር ላስታውስ ሞከርኩና አቃተኝ። ብዕሩንም አስቀመጥኩት።

ዘይኑን ታውቀዋለህ፤ ቬስፓህን የሸጥክለት የባቲው ሰውዬ። የንግድ ፈቃዱ ዛሬም የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ነው፤ ከሱቁ ጀርባ በቆርቆሮ የታጠረው ግቢ ውስጥ የቆሙት መኪኖች የሚሸጡ አይባሉም፣ «በአደራ የተቀመጡ» ናቸው። እሱ እንደሚለው ሁሉም የሐኪም ናቸው። ኦፔሏ ሐኪም ነው የነዳት፣ ፊያቷም ሐኪም ነው የነዳት። አሰብ ይህን ሁሉ ሐኪም ካየች እኛ ለምን እንታመማለን ብዬ ጠየቅኩት። አልተቆጣም። ፔጆዋን በጨርቁ መታ መታ አደረጋትና «እሺ መምህርት፣ እቺኛዋ የነርስ ነች» አለኝ።

ጫኔ አብሮኝ ነበር። አብሮህ ባሕር ማዶ ቫርና ሄዶ፣ አብሮህ ክሬን ሰልጥኖ፣ አሥራ ስምንት ወሩ ሲያልቅ በጊዜው የተመለሰው ጫኔ። ተመልሶ ይኸው ሁለት ዓመት ሆነው። ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ማግኔት ይዞ መጣ። አሰብ ላይ መኪና የሚሞተው ከታች በኩል ነው፤ ጨው ይበላዋል። ሻጭ የተበላውን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባበታል፤ ከደጋ የመጣ ገዢ ቀለሙን እየዳሰሰ ይደሰታል። ማግኔት ግን አይታለልም፤ ብረት ከሆነ ይይዛል፣ ስቱኮ ከሆነ ይወድቃል። ጫኔ ዙሪያዋን ቀስ እያለ ሄደባት። ከኋላ በቀኝ በኩል፣ ከጎማው በላይ፣ ማግኔቱ ጠብ አለ።

ዘይኑ «እሱ ማግኔቱ ደክሞት ነው» አለ።

ጫኔ የታች ብረቷን፣ ሻንሲውን ሊያይ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ። ዘይኑ ደንበኛ መጥቶበት ወደ ሱቅ ገባ። የጫኔን እግር እያየሁ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጠይቀው ያልቻልኩትን ነገር እግሩን ብቻ ሳይ ቀለለኝ። እሱም ፊቴን ካላየ ይቀለዋል ብዬ አሰብኩ።

«ጫኔ» አልኩት፣ «ቫርና ስትለያዩ ሣህሉ እመጣለሁ ብሎሃል?»

ብረት በመፍቻ መታ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«ሻንሲው ደህና ነው» አለ ከሥር።

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«ዝገቱ ከላይ ብቻ ነው እትዬ አሰጋሽ። ወደ ውስጥ አልገባም።»

ሲወጣ ፊቱ ላይ የነበረው ዘይት ትንሽ ነበር፤ ሲጠርገው ግን ብዙ ቆየ። ደግሜ አልጠየቅኩትም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ይህን እንድታውቅልኝ ነው። ሲመጣም ሆነ ከመጣ በኋላ ስለ አንተ ክፉ ቃል አልወጣውም። ደግ ቃልም አልወጣውም።

ወደ ደባይሲማ በሚወስደው መንገድ እስከ ኬላው ነዳኋት። ዘይኑ ከጎኔ፣ ጫኔ ከኋላ። ሦስተኛው ማርሽ ላይ ትንሽ ታንገራግራለች። የሙቀት መለኪያዋ ቀስት ከመሐል አልፎ ቆመ፣ አልጨመረም። ጆሮዬን ሰጥቻት ነበር። ሰው እንዲህ አዳምጬ አላውቅም፤ የሚያንኳኳውን ከማያንኳኳው፣ የጥንቱን ድምፅ ከአዲሱ ለመለየት። አንድ ግመል ነጂ መንገዱን እስኪያቋርጥ ቆምን። ሞተሩ በቆመበት አልጠፋም። ያን ጊዜ ወሰንኩ።

ስንመለስ ዘይኑ ደንቡን ነገረኝ። ሕግ አይደለም፤ የእሱ ደንብ ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ባሏ መርከበኛ የሆነ አንዲት ሴት ከእሱ መኪና ገዝታ ነበር። ባልየው ከባሕር ሲመለስ «እኔ ሳላውቅ» ብሎ መኪናዋን አምጥቶ ዘይኑ በር ላይ አቆማት፤ ሞተሯ ግን ወጥቶ ነበር። ሁለት ወር በሽማግሌ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ወዲህ ባል ያላት ሴት የባሏን ፊርማ ካላመጣች ዘይኑ አይሸጥም። ባሏ የሞተባት ከቀበሌ ወረቀት ታመጣለች።

«ያላገባችስ?» አልኩት።

«ያላገባች ምን መኪና ያስገዛታል? ባል ትግዛ እንጂ» ብሎ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ አቆመ።

የሚፈረመውን ወረቀት ለአንተ ልልከው አሰብኩ። ቆጠርኩ። ደብዳቤ ወደ አንተ ሁለት ወር፣ ከአንተ ወደ እኔ ሁለት ወር፣ በዚህ ላይ አንተ የምታስብበት ጊዜ። ይህን የመጨረሻውን እንዴት እንደምቆጥረው አላወቅኩም። ሰኔ ግን ቀኑ የታወቀ ነው።

ስለዚህ ዋሸሁ። ባለቤቴ ሲሄድ ፈርሞ የተወልኝ ወረቀት ቤት አለ አልኩት።

በ1971 ከተረፈ የፈተና ወረቀት አንድ ገጽ ወሰድኩ። «ባለቤቴ ወይዘሮ አሰጋሽ ወልዴ ማናቸውንም ንብረት ብትገዛ ተስማምቻለሁ» ብዬ በአንተ አጻጻፍ፣ ወደ ቀኝ አዘንብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። መስኮቱ ላይ በድንጋይ ጭኜ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ አዋልኩት፤ የአሰብ ፀሐይ የሦስት ዓመት ሥራ በሦስት ሰዓት ይሠራል። ሂሩት አይታው ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። የትምህርት ቤት ነው አልኳት። ልጄ ፊት መዋሸት ከዘይኑ ፊት ይልቅ ከበደኝ፤ ቢሆንም ዋሸሁ።

ዘይኑ ወረቀቱን አነበበ። አጠፈው። እንደገና ዘረጋው። ተነስቶ ወደ ሱቁ ገባና አቧራ የለበሰ ክላሰር ይዞ ተመለሰ። ገልጦ ገልጦ አንድ ውል አወጣ፤ የቬስፓው ውል ነበር። ሁለቱን ወረቀቶች ኮፈኗ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

«መምህርት» አለኝ፣ «ያንቺ ባል ያን ቀን ውል አስቀድዶኛል። ጸሐፊው ስሙን በእሳቱ ሰ ጻፈው። ‹ሣህል ማለት ምሕረት ነው፣ ምሕረት በእሳት አይጻፍም› ብሎ ሙሉውን እንደገና አስጻፈ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ በመሠረተ ትምህርት ነው። ንጉሡን ሠ ግን የተማርኩት ከሱ ነው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሳህሉ ካሳ ብዬ ነው የጻፍኩት። የአንተንም የአባትህንም፣ ሁለቱንም በእሳቱ።

ሣህሉ፣ እኔ አማርኛ ነው የማስተምረው። አሥራ አንድ ዓመት የልጆችን ሰ በቀይ ስሰርዝ ኖሬያለሁ። አንተን ካወቅኩበት ቀን ጀምሮ ስምህን በፖስታ ላይ፣ በልጆቹ የክትባት ካርድ ላይ፣ በመጽሐፎችህ ሽፋን ላይ ስጽፍ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን ስቼ አላውቅም። የቀበሌው ጸሐፊ በመዝገቡ ላይ በእሳቱ እንደጻፈህ በኋላ ትዝ አለኝ። ስኳር በወሰድኩ ቁጥር በዚያ ስም አጠገብ እፈርማለሁ። እጅ የሚያየውን ይለምዳል። ምክንያቱ ይህ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። አስረድቼም ግን ከዚያ ኮፈን ላይ ዓይኔን ማንሳት አቃተኝ።

ዘይኑ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ፖሊስም አላለም፣ ቀበሌም አላለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«መምህርት፣ ይህ ሰው ይመጣል?»

ቀበሌ ይህንኑ ጠይቆኛል። ርዕሰ መምህሩ ጠይቆኛል። እናትህም በሰው አስጠይቀውኛል። ለሁሉም ሥልጠናው ተራዝሞ ነው ብያለሁ፤ አንተ ሦስት ጊዜ እንደጻፍክልኝ፣ ቃል በቃል። ዘይኑ ግን ስለ አንተ አልነበረም የሚጠይቀኝ። የሚጠይቀው ስለ መኪናዋ ነው። እንዲያ ሲሆን መልስ መስጠት እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

«አይመጣም» አልኩት።

ከዚያ የእኔን ወረቀት አንስቶ ለሁለት፣ ለአራት ቀደደው፤ ቁራጮቹንም ኪሱ ከተተ።

«በይ እንግዲህ» አለኝ። «እኔ የምፈራው የሚመጣ ባል ነው። የማይመጣ ባል ፊርማ ምን ያደርግልኛል?»

ያለው ይኸው ነው። እንደ ነጋዴ ነው የተናገረው፤ ሊያጽናናኝ የሞከረ አይመስለኝም። ቀጥሎ ግን «አብሽሪ» አለኝ፣ እንደ አገሩ ሰው፣ ወንበርም አመጣልኝ።

አዲሱን ውል በማግስቱ ጻፍን። «ገዢ ወይዘሮ አሰጋሽ ወልዴ፣ በራሷ ስምና በራሷ ኃላፊነት» ይላል። ሊብሬዋም በስሜ ብቻ ዞሯል። ምስክር ያስፈልግ ነበርና ጫኔን አስጠራሁት። ከሥራ በቀጥታ መጣ፤ እጁን ታጠበ፤ ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። «በራሷ ስም» የሚለው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ሣህሉ ሲመጣስ?» ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ቃል ቢወጣው ብዕሩን አስቀምጬ እሄድ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ድረስ ዝግጁ ነበርኩ። አላለም። ፈረመ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ሻንሲውን ግሪስ አስቀቢው አለኝ፤ ጨው እንዳይገባው።

ማወቅ የምፈልገውን ሁሉ ያን ጊዜ አወቅኩ። ቫርና ላይ ብቻህን ትሁን ከሰው ጋር፣ ቤት ይኑርህ አይኑርህ፣ አልጠይቅህም። ጫኔንም አልጠይቀውም። ከዚያ የመጣ ሰው እንዲህ ዝም የሚለው ለምን እንደሆነ ግን አይጠፋኝም፤ እኔም ልጅ አይደለሁም።

የሚቀጥለውን እንዴት እንደምጽፈው ስላላወቅኩ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

እሑድ ዕለት ልጆቹን በባሕሩ ዳር መንገድ ወሰድኳቸው። ሂሩት ከፊት፣ ወሰኔ ከኋላ። ወሰኔ በአንዱ መስኮት ያይና እየተንፏቀቀ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ግማሽ ብቻ የሚወርደውን ወዶታል፣ የእኔ ነው ብሏል። የጨው ክምሮቹ ጋ ስንደርስ አቆምኩ። ሞተሩን አላጠፋሁትም። ካጠፋሁት የማይነሳ መሰለኝ። ሁለት እጄን መሪው ላይ እንዳደረግኩ ነገርኳቸው።

«አባታችሁ አይመጣም» አልኳቸው።

ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። እንደሚወዳቸው፣ ሥራ እንደሆነ፣ አገሩ ሩቅ እንደሆነ። አንዱም አልወጣም። ወሰኔ መስኮቱን መንካት አቆመ። ሂሩት ወደ ፊት እያየች ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንተ ስትሄድ ቁመቷ እስከ ደረቴ ነበር።

«እኛ እኮ እናውቃለን» አለችኝ። «ያላወቅነው አንቺ ማወቅሽን ነው።»

ለምን አልነገራችሁኝም አልኳት። አንቺ ትጠብቂው ስለነበር ነው አለች። ወሰኔ ከኋላ እንሂድ አለ። ሄድን።

እንግዲህ ወሬው ይህ ነው። ትምህርት እንደተዘጋ፣ ሰኔ ሳይጋመስ እንነሳለን። የይለፍ ወረቀቱን ጠይቄያለሁ። ኮምቦልቻ እናቴ ጋ እንገባለን። ዝውውርም አመልክቻለሁ፤ ካልተፈቀደልኝ ለመስከረም ብቻዬን ተመልሼ ልጆቹን እዚያ አቆያለሁ። ጫኔ፣ እስከ ሚሌ ድረስ በጭነት መኪና ከፊታችን የሚሄድ አንድ ሹፌር አነጋግሮልናል። እኔ ስለ ኤሊዳር ዳገት እፈራለሁ፤ ስለ ራዲያተሯ ውሃ፣ ስለዚያ ሦስተኛ ማርሽ። ሌላ የምፈራው ነገር ስፈልግ አጣሁ። የለም ማለቴ አይደለም፤ ተራ አልደረሰውም።

መጽሐፎችህን በሣጥን አድርጌ ጫኔ ቤት አስቀምጫለሁ። ልብስህንም። ሰማያዊውን ሹራብ ሂሩት ወስዳዋለች፤ እዚያ ብርድ ነው ብላ።

ፈርመህ የምትልክልኝ ነገር የለም። ለእኔም መልስ መጻፍ አይጠበቅብህም። ለልጆቹ ግን ጻፍላቸው፤ በየወሩ ባይሆን በየበዓሉ። ስለ ከተማው፣ ስለ በረዶው፣ ስለምትሠራበት ክሬን፣ ስለ ምንም ነገር ጻፍላቸው። የምትመጣበትን ቀን ብቻ አትጻፍ።

በሄድክበት ሁሉ ጤና አይለይህ። ደግ ጎረቤት ይስጥህ፤ ስትታመም በርህን የሚያንኳኳ ሰው አይጥፋ። ብርዱን እግዚአብሔር ያቅልልህ።

አሰጋሽ ወልዴ